በመስኩ ዙሪያ የሄደው ቧንቧ

ጡረታ ወጥቼ እንኳ ዓይኔ ከመሬት አልተነሳም። ሰርግም ሆነ ለቅሶ ሰው ቤት ስሄድ፣ ሌላው ድንኳኑንና የመጣውን ሰው ሲያይ እኔ የማየው በአጥሩ ሥር ያለወቅቱ የለመለመውን ሣር ነው። "አንቺ ደግሞ ምን ጠፋብሽ?" ይለኛል ባለቤቴ። ምንም አልጠፋብኝም። ወላይታ ሶዶን የማውቃት ከላይ ሳይሆን ከሥር ስለሆነ ነው። የትኛው መንገድ ሥር የብረት ቧንቧ እንዳለ፣ የትኛው ሰፈር ፕላስቲክ እንደገባለት፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ የትኛው የውኃ መዝጊያ ተቀብሮ እንደቀረ ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። መሥሪያ ቤቱ መታወቂያዬንና የሥራ ልብሴን ተረከበኝ፤ ይሄንን ግን እንዴት አድርጎ ይረከበኝ? ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ውኃ ሥራ የገባሁት ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ገና ወንበሩን በሚያደላድልበት ጊዜ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ገበያ አጠገብ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ባልዲና የጭስ ማውጫ የሚሠራ ሰው ነበር። እኔም ከመዶሻና ከቆርቆሮ መቀስ ጋር አደግሁ። የተቀጠርኩት ቆጣሪ አንባቢ ሆኜ ነው። ደሞዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ እሱን እንዲሁ ልለፈው። ሥራውን ግን ወደድኩት። የሰው ግቢ መግባት፣ ከውሻ መሸሽ፣ ከባለቤቶቹ ጋር መጨቃጨቅ፣ ሁሉም ለእኔ የተፈጠረ ነበር።

ቆጣሪ ውስጥ ከቁጥሩ ሌላ ትንሽ ባለጥርስ ክብ አለች። ብዙ ሰው አያያትም። ቤቱ ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ያቺ ክብ ከዞረች፣ መሬት ውስጥ የሆነ ቦታ ውኃ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። እኔ ክቧን እያየሁ "እዚህ ቤት ተሰብሯል፣ እዚያ ቤት ተሰብሯል" እያልኩ ለጥገና ክፍል ስናገር፣ የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሶርሳ አንድ ቀን አስጠሩኝና "ማን አስተማረሽ?" አሉኝ። "ማንም" አልኳቸው። በማግስቱ ወደ ጥገና እንድዛወር ጠየቁ። ሥራ አስኪያጃችን ሳቀ። "ሴት ልጅ ዶማ ይዛ መንገድ ልትቆፍርልህ ነው?" አላቸው።

"ዶማ የሚይዝ ሞልቶኛል" አሉት። "የጎደለኝ የሚያይ ሰው ነው።"

ጋሽ ሶርሳ ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ የወላይታ ሰው ነበሩ። ግቢ ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ቁጢጥ ብለው የእጃቸውን ጀርባ መሬቱ ላይ ያሳርፋሉ። መዳፍ ስለሚደነድን ቅዝቃዜ አይለይም ይሉ ነበር። ከዚያ ዲጂኗቸውን፣ ያንን ረጅም የመቆፈሪያ ብረት፣ አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ በግቢው ውስጥ የሚተነፍስ ነገር መኖር የለበትም። ዶሮ ይባረራል፣ ሬዲዮ ይዘጋል። አንድ ቀን ሊባርከን የመጣ ፓስተር ጸሎቱን ሲያስረዝምባቸው "አሜን፤ አሁን ዝም እንበል" ብለውት እኔ ሳቄን ለመዋጥ አጥሩን ይዤ ነበር።

ብረት ይናገራል። ቀጭን ቀዳዳ ያፏጫል፣ ሰፊ ስብራት ያጉረመርማል። ጋሽ ሶርሳ ከአንዱ መዝጊያ ወደ ሌላው እየሄዱ፣ ድምፁ ከየት ወደ የት እንደሚጎላ አዳምጠው "እዚህ" ብለው ዲጂኖውን ሲተክሉ እዚያው ነበር የሚገኘው። ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሥራው ሳያልቅ በሰው ቤት ምንም አይቀምሱም። ቧንቧው ተጠግኖ ውኃው ሲመጣ ደግሞ ኩባያ ያስመጡና መጀመሪያ የሚያጠጡት የቤቱን ትልቅ ሴት ነው። "ውኃ ስትሸከም የኖረችው እሷ ናት፤ እሷ ትቅመስ" ይላሉ። እኛ ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ በውሰት ቦምቤ ወደምትባለው የገጠር ከተማ ተላክሁ፤ የምንጭ ውኃ ወደ ቦኖዎቹ ሲሳብ አግዝ ነበር። ከዚያ ዲምቱ፣ ሙቀቱ የጫማ ሶል የሚያቀልጥበት አገር፣ ጥቂት ቆየሁ። ጥቁሩን ፕላስቲክ መጀመሪያ ያየሁት ቦምቤ ነው። እንደ ገመድ ተጠቅልሎ በሰው ትከሻ ይመጣል፣ ሲዘረጋ ከኮረብታው ጋር አብሮ ይታጠፋል። አገጣጠሙንም እዚያ ተማርኩ። ጋሽ ሶርሳ ለጉብኝት መጥተው ሲያዩት በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉትና "ይሄ ቧንቧ ነው ወይስ ገመድ?" አሉ። ብረት የሚታጠፈው በክርን መገጣጠሚያ ብቻ ነው፤ በሁለት መገጣጠሚያ መካከል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እሳቸው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከዚያ ጋር ነው።

ሶዶ ስመለስ ፕላስቲኩ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። የዲጂኖው ዘመን ያኔ ማለቅ ጀመረ። ፕላስቲክ ድምፅ አያስተላልፍም። ጋሽ ሶርሳ ጆሯቸውን ለጥፈው ቆይተው ቆይተው ሲነሱ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። "ዲዳ ነው" ይላሉ፤ እንደ ስድብ። እኔ አዝንላቸው ነበር፣ አንዳንዴም ያናድዱኝ ነበር፤ ሌላ መንገድ እንፈልግ ስላቸው "ቆይ ዝም በይ" ነበር መልሳቸው።

የአዮ ባሎቴ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው።

አዮ በወላይትኛ እናቴ እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። ቤታቸው ከተማው አልቆ እንሰቱ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። የጭቃ ግድግዳውንም የቆርቆሮ ክዳኑንም አናጢ የነበሩት ሟቹ ባላቸው በእጃቸው የሠሩት ነው። ፊት ለፊቱ መስክ አለ። እኔ የገበያ ልጅ ስለሆንኩ በእኛ ደጅ የነበረው አቧራና የጭነት መኪና ነበር፤ የደጅ መስክ ምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እንግዳ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ሙሽራ የሚዘፈንላት እዚያ ነው፣ ሬሳ ወጥቶ የሚለቀሰው እዚያ ነው። የአዮ ባሎቴ መስክ ሣሩ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንድ ጠጠር የማይገኝበት ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ጥር ቢገባም የማድቤቱ ግድግዳ አልደርቅ ብሎ ነበር። ከመሠረቱ እስከ ጉልበት ጠቁሯል፣ ከመስኮቱ ጥግም ስንጥቅ ወርዷል። ልጃቸው ማርቆስ ከሐዋሳ መጥቶ ነበር፤ እዚያ ነው የሚሠራው።

"እንዲህ እያለ ክረምት ከመጣ ይወድቃል" አለን። "እናቴ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ብቻዋን አትኖርም። ካልተሠራ ይዣት እሄዳለሁ፣ ቤቱንም እንሸጠዋለን።"

"እኔ ሐዋሳ ምን ልሠራ?" አሉ አዮ ባሎቴ። "ወንበር ላይ ተቀምጬ ቴሌቪዥን ልጠብቅ?" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። "አንተ ልጅ፣ ቤቱን አድን። ከዚህ ከወጣሁ እኔ እንግዳ ነኝ። በልጄ ቤት እንግዳ፣ በሁሉም ቤት እንግዳ።"

ሥራ አስኪያጁ "ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የደንበኛው ኃላፊነት ነው" ብሎን ነበር። ጋሽ ሶርሳ "ቤቱ ሲወድቅስ የማን ነው?" ብለው መሣሪያቸውን ይዘው ወጡ። ቆጣሪውን ከፈትኩ፤ የቤቱ ቧንቧ ተዘግቶ ትንሿ ክብ ትሽከረከራለች። ዋናውን መዝጊያ ዘጋን። አዲስ መስመር እንዳንዘረጋ መጋዘናችን ባዶ ነበር፤ ውኃው ተዘግቶ እንዳይቀርም ቦኖው ከቁልቁለቱ ታች ነው፣ አዮ ባሎቴ ጄሪካን ይዘው ያንን ዳገት አይወጡትም። የተሰበረውን ከማግኘት ሌላ መንገድ አልነበረም።

ጋሽ ሶርሳ ለማዳመጥ ያህል ውኃውን አስከፍተው ጆሯቸውን ሰጡ። ዲዳ። እንደገና ከማድቤቱ በኩል ሞከሩ። ዲዳ። ውኃውን መልሰን ዘጋነው። ቆጣሪው ያለው መግቢያው በር አጠገብ ነው፣ የቤቱ ቧንቧ ደግሞ ከማዶ ማድቤቱ ግድግዳ ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው መስኩ ነው። ጋሽ ሶርሳ በዓይናቸው መስመር አሰመሩ።

"መስኩን አትንኩ" አሉ አዮ ባሎቴ። "እዛ ምንም የለም።"

"እማዬ፣ ሣር እኮ ነው" አለ ማርቆስ። "ይበቅላል።"

"እዛ ምንም የለም አልኩ!"

እኛ ይሄንን እንደ ልመና ሰማነው። እናት ለመስኳ ስትለምን፣ በቃ። ጋሽ ሶርሳ ግን በዚያው አገር የደጅ መስክ ላይ ያደጉ ሰው ስለሆኑ እጃቸው ከበዳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ፤ ያለ ባርኔጣ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። "አባቴ ቢያየኝ ይረግመኛል" አሉና የመጀመሪያውን ዶማ ራሳቸው አሳረፉ።

ቆፈርን። መስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፈትነው። ቧንቧ የለም። ትንሽ ተጠማዞ ይሆናል ብለን ግራና ቀኙን አሰፋነው። ቧንቧ የለም። ያ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ተገልብጦ ሥሩ ፀሐይ ላይ ወጣ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ሶርሳ "ውኃውን ክፈቱት፤ ራሱ ይምራን" አሉ። ከፈትነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመን እርጥበት እስኪታይ ጠበቅን። ጉድጓዱ አቧራ ነው። እኛ እዚያ ደረቅ አፈር ላይ አፍጥጠን ስንቆይ፣ የከፈትነው ውኃ ማናችንም በማናይበት በኩል ወደ ግድግዳው ይሄድ ነበር።

የማድቤቱ ግድግዳ ብዙ ድምፅ አላሰማም። እንደ ደከመው ሰው ተንሸራቶ ቁጭ አለ። አቧራው ሲረግብ የአዮ ባሎቴ ድስቶችና መደርደሪያ፣ ከወዲያ ደግሞ አልጋቸው ታየ። የቆርቆሮው ጠርዝ ወደ ታች ተንጋደደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሳቸው ጥጃ ሊያስሩ ወደ ጓሮ ሄደው ነበር።

ሮጬ ውኃውን ዘጋሁት። ማርቆስ አልጮኸም፤ ቢጮኽብን ይሻለን ነበር። "በቃ" ነው ያለው። "እማዬ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ።" ስልኩን አውጥቶ የሚጭን መኪና መፈለግ ጀመረ። ጋሽ ሶርሳ የአፈሩ ክምር ላይ ተቀመጡ። ከእጃቸው የማይለዩት ዲጂኖ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ አላነሱትም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም።

የምይዘው ስላጣሁ አዮ ባሎቴን ዕቃ ላግዝ ገባሁ። እሳቸው የወደቀውን ግድግዳ አያዩም፤ የሚያዩት መስኩን ነው።

"አዮ፣ ይቅር ይበሉን" አልኳቸው።

"ባሌ ይሄን መስክ ከቤቱ በፊት ነው የሠራ" አሉ፣ ድስት እያቀበሉኝ። "ውኃ ሲገባ ሠራተኞቹ እዚህ ሊቆፍሩ መጡ። ዶማውን ከእጃቸው ቀማ! 'በመስኬ ማንም አይቆፍር፤ ዙሩ' አለ። እነሱም ጥቁሩን ፕላስቲክ በትከሻ ተሸክመው ዞሩ።"

ድስቱን ይዤ ቀረሁ። "በየት ዞሩ?"

"በእንሰቱ ነዋ! በየት ይዞራሉ?"

"ታዲያ አዮ፣ ለምን አልነገሩንም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ፤ ያኔ ነው ድምፃቸው የተሰበረው። "ከልጄ ጋር ተነጋገራችሁ። ልጄ ያኔ ከቤት ርቆ ዱቦ ትምህርት ላይ ነበር፣ ምን አይቶ? እኔ እዛ ምንም የለም አልኳችሁ። ደግሜ አልኳችሁ።"

ማርቆስ ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

አዮ ባሎቴ እየመሩን በእንሰቱ መሃል ሄድን። እንሰቱ የተተከለው ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ ስለሆነ ከላይ ምልክት የሚባል ነገር የለም። "እዚህ ጋ ገባ፣ እዚህ ጋ ታጠፈ" ይላሉ፣ በእግራቸው እያመለከቱ። ከዚያ አንድ ቦታ ስንደርስ እኔ ቆምኩ። ሌላው ሁሉ በጥር ፀሐይ ጠውልጎ፣ አንድ የጎደሬ ቁጥቋጦ ብቻ ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ቆሟል።

"ይሄ ቦይና ዘንድሮ አልሞት አለ" አሉ አዮ ባሎቴ፣ ጎደሬውን በወላይትኛ ስሙ እየጠሩ። "ጎረቤት ሁሉ እየነቀለ ይወስዳል። እግዚአብሔር ባረከልኝ አልኩ።"

ከጎደሬው ሥር በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ የቆጮ ጉድጓድ ነበር፤ ላለፈው መስከረም ጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ አዲስ የቆፈሩት ነው። "ጋሽ ሶርሳ!" ብዬ ጮህኩ። መጡና ቁጢጥ ብለው የእጃቸውን ጀርባ አፈሩ ላይ አሳረፉ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ዶማም አላስነሱ፤ በእጃቸው ነው አፈሩን የጠረጉት። ጥቁሩ ፕላስቲክ ወጣ፤ ጎኑ ላይ በመቆፈሪያ ስለት የተቀደደ፣ እንደ ከንፈር የተከፈተ ቁስል አለው። አብዛኛው ውኃ ወደ ላይ አልወጣም። ቧንቧው በተቀበረበት ልል አፈር ውስጥ ለውስጥ ተከትሎ፣ ቁልቁል እስከ ግድግዳው ድረስ ሄዷል።

አዮ ባሎቴ አፋቸውን ያዙ። "እኔ ነኝ? ጉድጓዱን ስቆፍር?"

"እርስዎ የቆጮ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ እኛ መስክ ቆፈርን" አሏቸው ጋሽ ሶርሳ። "የትኛው ይብሳል? ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ሳዳምጥ ኖርኩ፣ ባለቤቷን ግን አላዳመጥኩም።"

ከዚያ መጋዙን ለእኔ ሰጡኝ። "ይሄ የእኔ ብረት አይደለም። አንቺ ግጠሚው።" የቆሰለውን ቆርጬ አወጣሁ፤ የሁለቱን ጫፍ ጠርዝ በቢላዋ ላግሁ፣ የመገጣጠሚያውን የላስቲክ ቀለበት በሳሙና አርሼ እስከ ምልክቱ ገፋሁት፣ በእጅ አጥብቄ በቁልፍ ትንሽ ጨመርኩ። ከዚያ በላይ ቢጠብቅ ላስቲኩ ይበላሻል። ጋሽ ሶርሳ አጠገቤ ቆመው እንደ ተማሪ ያዩ ነበር። ውኃውን ስንከፍት ክቧ አልተንቀሳቀሰችም። የማድቤቱን ቧንቧ መጀመሪያ አየር አስነጠሰው፣ ቀጥሎ ድፍርስ፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ ወረደ።

ጋሽ ሶርሳ እንደ ልማዳቸው ኩባያ ሞልተው ለአዮ ባሎቴ አቀረቡ። እሳቸው አልተቀበሉም።

"አንተ ሥራ ሳትጨርስ አትቀምስም አሉኝ" አሏቸው። "እኔም አልቀምስም። መስኬን ጨርስ።"

ማርቆስ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ስናየው ያ የመጀመሪያው ነበር። ለመኪናው ሰው ደውሎ እንዳይመጣ ነገረው።

ቅዳሜ የጥገና ክፍሉ ሰው ሁሉ ያለ አበል ሄደ። የሰፈሩ ሰው በደቦ ወጥቶ ግድግዳውን አቆመ፤ ማርቆስ ሱሪውን ሰብስቦ ከጭድ ጋር ጭቃ ረገጠ። እኛ የመስኩን ጉድጓድ ሞልተን ደለደልን። ከዚያ ያላዘዝነው ነገር ሆነ። የጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ መጡ፤ እያንዳንዳቸው ከራሳቸው መስክ ጫፍ ከነአፈሩ የተነሳ ሣር በእንሰት ቅጠል ላይ ይዘዋል። ጎደሬውን ሲበሉ የከረሙት እነሱ ናቸው። በቁስሉ ላይ ደርድረው በእግራቸው ረገጡት። መስኩ የተጣፈ ልብስ መሰለ። ጋሽ ሶርሳም በማግስቱ ከቤታቸው መስክ አንድ ቁራሽ ይዘው መጥተው መሃል ላይ ተከሉ።

ዝናብ ገብቶ ሣሩ ተያይዞ መጣፊያው ሲጠፋ አዮ ባሎቴ ላኩብን። ሄድን። ጋሽ ሶርሳን መስኩ መሃል አስቀመጧቸው፣ ማርቆስ ከቧንቧው በኩባያ ቀድቶ ለእናቱ ሰጠ። አዮ ባሎቴ ጥቂት ጠጡና የቀረውን ለጋሽ ሶርሳ አቀበሏቸው። "አሁን ቅመስ" አሏቸው። ጋሽ ሶርሳ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሶርሳ ግቢ ሲገቡ ከመሬቱ በፊት ሰው ይጠይቁ ነበር። "ቧንቧው ሲቀበር እዚህ የነበረ ማን ነው? ባለቤቷን ጥሩልኝ።" ጡረታ ሲወጡ ዲጂኖውን ለእኔ ተዉልኝ፤ አርፈው ከተቀበሩ በኋላም ቤቴ በር ጀርባ ቆሟል። እኔም እስክወጣ ድረስ በዚያ ጥያቄ ሠራሁ። ብዙ ቤት ዙሪያ ቆፍሬያለሁ፣ መስክ ግን ዳግመኛ አልቆፈርኩም።

ሥራ ልለቅ በተቃረብኩበት ሳምንት እኔን የሚተካው ባለሙያ አዲሱን የማዳመጫ መሣሪያ በጆሮው ሰክቶ መጣ። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ጋሽ ሶርሳ ቢያዩት ይቀኑ ነበር። መጀመሪያ ግን አዮ ባሎቴ ጋ ወሰድኩት። እሳቸው አሁን ምርኩዝ ይዘዋል፣ ጎንበስ ብለዋል፣ ግን አሁንም በቤታቸው ናቸው። ለምን እንደመጣን ስነግራቸው ሳይጠየቁ ተነሱ። መስኩን ዞረው በእንሰቱ ገቡ፤ "እዚህ ጋ ገባ፣ እዚህ ጋ ታጠፈ" እያሉ በምርኩዛቸው መሬቱን ይነካሉ፣ እሱም መሣሪያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከኋላ ይከተላል።

መጨረሻ ላይ ማድቤቱ ግድግዳ ጋ ደረስን። አዮ ባሎቴ የእጃቸውን ጀርባ ግድግዳው ላይ አሳረፉና ትንሽ ቆዩ።

"ደረቅ ነው" አሉን።